«የባለቤቴን የደመወዝ ካርድ ላስይዝ ወይ?» ለአንዲት የወታደር ሚስት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄውም ምላሹም የነሐሴ 2012፣ የኮሮና ጊዜ ናቸው። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖረው አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ነው። ባለቤቴ የመከላከያ አባል ነው፤ ኮሮና ከገባ ጀምሮ ፈቃድ አላገኘም። በእጁ የሚደርሰው ደመወዝ 3,600 ብር ነው፤ ካርዱ እኔ ጋ ስለሆነ 600 ለእሱ ልኬ በቀረው 3,000 እንኖራለን። የኮንዶሚኒየም ግንባታው አጠገብ የነበረኝ የሻይና የምግብ ዳስ ቆሟል። አሁን እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆች አስረክባለሁ፤ በወር 1,000 ብር ያህል ይገኝበታል። ኪራዬ 1,500 ነው፤ የሦስት ወር አልከፈልኩም። የእቁብ 3,000፣ የሱቅ ዱቤ 1,100፣ የልጄ የግል ትምህርት ቤት 900 አለብኝ። የባሰው ግን በወር በ10 በመቶ ወለድ የወሰድኩት 12,000 ብር ነው። አራት ወር ሙሉ 1,200 እየከፈልኩ ዋናው ንቅንቅ አላለም። አሁን ደግሞ ‹የባልሽን ኤቲኤም ካርድ ከነቁጥሩ አምጪ፤ አለዚያ አለቆቹ ጋ እደውላለሁ› ይለኛል። ካርዱን ልስጠው? የትኛውን ዕዳ ላስቀድም? ባለቤቴ ሠራዊቱን ለቆ ቢመጣስ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ በጥያቄሽ ውስጥ ባለቤትሽ ያለበትን ክፍልና ቦታ ጽፈሽ ነበር። እኔ እዚህ አውጥቼዋለሁ፤ አንቺም ከለጠፍሽበት ሁሉ አጥፊው። የወታደር ክፍልና ቦታ አደባባይ አይጻፍም።

ካርዱን አትስጪ። ሌላው ሁሉ በድርድር የሚታይ ነው፤ ይሄ ግን አይደለም። ካርዱ አበዳሪው እጅ ከገባ ደመወዝ በገባበት ቀን ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ስንት እንዳወጣ፣ ስንቱን ለወለድ ስንቱን ለዋናው እንደያዘ የምታውቂበት መንገድ የለም። ከሂሳቡ የወጣውን ገንዘብ ባንኩ የሚመዘግበው ባለቤትሽ እንዳወጣው አድርጎ ስለሆነ በኋላ «ከፍያለሁ» ብትዪ እንኳ ማስረጃ አይሆንሽም። ምስጢር ቁጥሩን ለሌላ መስጠትም ከባንኩ ጋር የተገባውን ውል ማፍረስ ነው፤ ገንዘቡ ቢጠፋ ባንኩ ኃላፊነት አይወስድም። ድንገት ካርዱን ሰጥተሽው ከሆነ ዛሬውኑ ለባለቤትሽ ደውይና ንገሪው። ሂሳቡ ንግድ ባንክ ከሆነ እሱ ራሱ 951 ደውሎ ካርዱን ያሳግድ፣ ከዚያ ቅርንጫፍ ሄዶ ሌላ ያውጣ። ማሳገድ የሚችለው የሂሳቡ ባለቤት ነው።

አበዳሪው ካርዱን ለምን እንደፈለገው መረዳት ለቀሪው ሁሉ ይረዳሻል። በዚህ ወረርሽኝ የባለቤትሽ ደመወዝ አልተቀነሰም፤ ቀኑን ጠብቆ ይገባል። የቆመው በደመወዙ ዙሪያ የነበረው ነው፦ የአንቺ ዳስ፣ የግንባታው ሠራተኛ፣ እቁቡ፣ ፈቃድ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ነገር። ታክሲው በግማሽ እየጫነ ዋጋው እጥፍ ሆነ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቀኑን ሙሉ ቤት ዋሉ፤ የሚበላውም ጨመረ። በግቢው ካሉት ተከራዮች ሁሉ ቋሚ ገቢ ያለሽ አንቺ ብቻ ትሆኛለሽና ባለሱቁም፣ አከራዩም፣ ዘመድም፣ አበዳሪውም ፊቱን ወደዚያች ደመወዝ ያዞራል። አራጣ አበዳሪ የወታደር ቤተሰብ የሚወደውም ለዚህ ነው። የደመወዙ ቀን ይታወቃል፣ ባልየው ሩቅ ነው፣ ባልና ሚስቱም ስማቸው በክፍሉ እንዳይነሳ ይፈራሉ። ስለዚህ ሥራሽ መጀመሪያ ደመወዙን መጠበቅ፣ ቀጥሎ ለማን ስንት እንደሚደርስ ራስሽ መወሰን ነው።

ቁጥሩን እንየው። የቤቱ ገቢ 4,000 ነው። ባሰፈርሽው ዝርዝር መሠረት ኪራይ 1,500፣ ምግብ 1,400፣ መብራት፣ ከሰልና ውሃ 250፣ ሳሙና፣ ማስክና የስልክ ካርድ 150፣ ታክሲ 70፣ እድር 30 ነው፤ ድምሩ 3,400። የሚተርፍሽ 600 ብር ሆኖ ሳለ በየወሩ ለወለድ ብቻ የምትከፍዪው 1,200 ነው። እንግዲህ በየወሩ 600 ብር ከየትም መምጣት ነበረበት፤ የመጣውም ካልከፈልሽው ኪራይና ከሱቅ ደብተሩ ነው። አባካኝ አይደለሽም። ወለዱ ከትርፍሽ እጥፍ ስለሆነ እንጀራውን እጥፍ አድርገሽ ብትጋግሪም አብዛኛው ትርፍ ለወለድ ይሄዳል። ሌሎቹ ዕዳዎች አይወልዱም፤ ይሄኛው ይወልዳል። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሱ ነው፤ ቅድሚያ ስል ግን የጠየቀሽን መክፈል ማለቴ ሳይሆን ወለዱን ማስቆም ማለቴ ነው።

ሕጉ እዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 ሰው ለሰው በሚያበድረው ገንዘብ ላይ ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። በወር 10 በመቶ ማለት በዓመት 120 በመቶ ነው፤ ከተፈቀደው አሥር እጥፍ። የሰውን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ ከሕጋዊው በላይ ማበደር ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 አራጣ ተብሎ ያስቀጣል።

የከፈልሽው በሕጋዊው ወለድ ቢታሰብ እንዲህ ይወጣል። በ12 በመቶ የ12,000 ብር የአንድ ወር ወለድ 120 ብር ነው። ከመጀመሪያው 1,200 ላይ 120ው ለወለድ ሄዶ 1,080 ዋናውን ይቀንሳል፤ 10,920 ይቀራል። ሁለተኛው ወር ላይ ወለዱ 109 ብር ገደማ ይሆንና ዋናው ወደ 9,829 ይወርዳል። ሦስተኛው 8,727፣ አራተኛው 7,615 ገደማ ላይ ያደርስሻል። ይህን ስሌት በአንድ ወረቀት ላይ በንጽሕና ጻፊው። ለድርድር ይዘሽ የምትቀርቢው «የቻልኩትን ልክፈል» የሚል ልመና ሳይሆን «ቀሪው 7,615 ነው» የሚል ስሌት ይሁን።

ከመቅረብሽ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መልሺ፦ የፈረምሽው ወረቀት ላይ የተጻፈው ስንት ነው? ብዙ ጊዜ አራጣ አበዳሪ «10 በመቶ» ብሎ አይጽፍም። 12,000 ሰጥቶ 20,000 ወይም 24,000 «ያለ ወለድ ተበድሬያለሁ» ብለሽ እንድትፈርሚ ያደርጋል። በጽሑፍ የሰፈረን ገንዘብ በሰው ምስክር ማፍረስ ደግሞ በእኛ ሕግ እጅግ ከባድ ነው። እንዲህ ከሆነ የሚያድንሽ የገንዘቡ ዱካ ነው። 12,000ውን የሰጠሽ በባንክ ከሆነ፣ አንቺም በየወሩ 1,200 የላክሽው በባንክ ከሆነ ቅርንጫፍ ሄደሽ ማኅተም ያለበት የሂሳብ መግለጫ አስወጪ። በየወሩ እኩል 1,200 መውጣቱ ራሱ ይናገራል። በእጅ ከሰጠሽው ደግሞ «የዚህን ወር 1,200 ተቀብያለሁ» የሚል የስልክ መልእክትም ቢሆን ካለ አታጥፊው፤ ስልኩ ከመጥፋቱ በፊት ለባለቤትሽ ላኪው። ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ሰው አንድም ብር በእጅ አይሰጥ። ባዶ ወረቀት ላይ ፈርመሽ ከሆነ ወደ ድርድር ሳትሄጂ መጀመሪያ የሕግ ምክር ጠይቂ፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ድርድሩን ብቻሽን አትሂጂ። በ2012ቱ የኮሮና የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ስለነበር አንቺ፣ እሱና ሁለት ሽማግሌዎች ትበቃላችሁ፤ ሽማግሌዎቹ ከእድሩ ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ በኋላም ምስክር ይሆናሉ። ባለቤትሽ በስልክ ይግባ። «ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ስሌቱን አስቀምጪ፣ ሕጉን ሽማግሌዎቹ ይናገሩት። አብዛኛው አራጣ አበዳሪ ጉዳዩ ወረቀት ላይ እንዲወጣ አይፈልግም፤ ያ ነው ጉልበትሽ። ከተስማማችሁ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፦ ቀሪው ስንት እንደሆነ፣ ከዚህ ቀን በኋላ ወለድ እንደማይታሰብ፣ በየወሩ ስንት በየትኛው የባንክ ሂሳብ እንደሚገባ ይስፈርበት፤ ሁለታችሁና ሁለቱ ምስክሮች ፈርሙበት። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ የምትዘጊው ከሆነ ቀድሞ የፈረምሽው ዋናው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሳይቀርብ ክፍያ አይፈጸም። ፎቶ ኮፒ መልሶ ዋናውን ያስቀረ አበዳሪ ከዓመት በኋላ ሊከስሽ ይችላል።

«አለቆቹ ጋ እደውላለሁ» የሚለውን ማስፈራሪያ ባለቤትሽ ቀድሞ ያክሽፈው። ለሻምበል አዛዡ ራሱ ሄዶ «በኮሮና ምክንያት ቤተሰቤ ዕዳ ገብቷል፤ በዚህ መልኩ እየከፈልን ነው» ብሎ ይንገረው። አዛዥ ከአበዳሪ አፍ ሲሰማና ከራሱ አባል ሲሰማ አንድ አይደለም። ደግሞም ማንም በስልክ ስለጠየቀ ከወታደር ደመወዝ አይቆረጥም። በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንኳ ቢሆን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 404 የደመወዝ ሁለት ሦስተኛው አይያዝም። ከ3,600 ላይ በፍርድ ሊያዝ የሚችለው ከ1,200 አይበልጥም ማለት ነው። ካርዱ ግን እጁ ከገባ 3,600ውን በሙሉ ያገኛል። ፍርድ ቤት የማይሰጠውን በካርዱ ሊወስድ ነው የፈለገው።

አሁን 7,615ቱ ከየት ይምጣ? በባለቤትሽ ክፍል የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለና እሱም አባል ከሆነ መፍትሔው እዚያ ነው። እንዲህ ያሉ ማኅበራት ብዙ ጊዜ የሚያበድሩት ለተወሰኑ ወራት ለቆጠበ አባል፣ የቁጠባውን የተወሰነ እጥፍ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቁጠባው ስንት እንደደረሰ ይጠይቅ። 8,000 ብር በዓመት 13 በመቶ ለ24 ወር ቢወስድ ወርኃዊ ክፍያው 380 ብር ገደማ ነው። 1,200 ወለድ ብቻ ከመክፈል 380 ከፍሎ በሁለት ዓመት መዝጋት! ነገር ግን ይህ ብድር ለአራጣው መዝጊያ ብቻ ይሁን። እግረ መንገዱን «ትንሽ ጨምረን ለአዲስ ዓመት» ማለት ነው ብዙ ቤት ያፈረሰው። ብድሩም ወረቀቱ ተመልሶ ስምምነቱ በሚፈረምበት ሳምንት ይውጣ፤ ቀድሞ ወጥቶ ቤት ከተቀመጠ ይበላል። ማኅበር ከሌለ ወይም አባል ካልሆነ አበዳሪውን በወር 380 በራሱ ስምምነት አስይዢው፤ ያለ ወለድ በ20 ወር ያልቃል።

ዋስትናን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ለማኅበር ብድር ጓደኛ ለጓደኛ ዋስ ይሆናል፤ ዛሬ ለእሱ የፈረመ ነገ ፊርማ ይጠይቀዋል። ለማንም ሲፈርም የገንዘቡ ጣሪያ በቁጥር መጻፉን ይይ። ጣሪያ ያልተጠቀሰበት ዋስትና በሕግ አይጸናም፤ «የአንድነት ኃላፊነት» የሚል ቃል ካለበት ግን አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ዋሱ መሄድ ይችላል።

ቀጣዩ ኪራዩ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ አጭር ነው። መጋቢት 30 ቀን 2012 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደንብ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከልክሎ ነበር። ብዙ ሰው ይህን «ኪራይ አይከፈልም» ብሎ ተረድቶታል፤ አይደለም። የተከለከለው ማስወጣቱ ነበር፤ ኪራዩ ግን ዕዳ ሆኖ ይቆጠር ነበር። የአዋጁ አምስት ወር የሚሞላው ደግሞ በነሐሴ 2012 ማብቂያ ነበር። ከዚያ በኋላ አከራይሽ በመደበኛው ሕግ ልቀቂ ልትልሽ ትችላለች። ስለዚህ ሳትዘገዪ አከራይሽን አነጋግሪ፤ ከእሷ ጋር ያለሽ ጉልበት ከአበዳሪው ጋር ካለሽ የተለየ ነው። አከራይሽም በዚህ ኪራይ የምትኖር ልትሆን ትችላለች፤ ሕግ እየጠቀስሽ አትሂጂ፣ ገንዘብ ይዘሽ ሂጂ። የነሐሴን 1,500 ሙሉ ክፈይ፤ የዚህ ወር ኪራይ መከፈሉ ከውዝፉ ይበልጥ ያረጋጋታል። ከውዝፉም የተወሰነ አስጨብጠሽ ለቀሪው ወርኃዊ መጠን በጽሑፍ ተፈራረሙ።

የመጀመሪያው ገንዘብ ከየት ይምጣ ብትዪ ከዳሱ ነው። ቆርቆሮው፣ ወንበሮቹና ጠረጴዛዎቹ ዝናብ እየመታቸው ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ሽጫቸው፤ የሻይ ዕቃውን አስቀሪ። ምጣዱን ግን በምንም ዓይነት ችግር አትሽጪ፣ አታስይዢ፤ ዛሬ ገቢ የሚያመጣልሽ ዕቃ እሱ ብቻ ነው። ዳሱ 3,400 ብር ቢያወጣ 2,500ው ለኪራይ ውዝፍ፣ 900ው ለትምህርት ቤቱ ይሁን።

ለትምህርት ቤቱ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ልጅሽን ከመስከረም ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እንድታዛውሪ ነው የምመክርሽ፤ ለዚያ ደግሞ መሸኛና የውጤት ካርድ ያስፈልጋል። የግል ትምህርት ቤቶች ያልተከፈለ ካለ መሸኛ ይይዛሉ፤ 900ውን ከፍለሽ ወረቀቱን በእጅሽ ያዢ። የአዲስ አበባ አስተዳደር ከ2012 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስ፣ ደብተርና ምገባ ይሸፍናል፤ ላንቺ ይህ ትምህርት ሲከፈት ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ቤት ለመቀየር ካሰብሽ ተጠንቀቂ፦ ኪራይ ረከሰ ብለሽ ትንሽ አልፈሽ ለገጣፎ ከገባሽ ኦሮሚያ ነሽ፤ ትምህርት ቤቱም፣ ቀበሌውም፣ ፍርድ ቤቱም ሌላ ነው። የጠቀስኩልሽ የአስተዳደሩ ድጋፍ አይከተልሽም።

እቁቡን እንደ አበዳሪው አትይው። ቀድሞ ደርሶሽ በልተሻል፤ ያለብሽ ለሌሎች እናቶች ነው፤ ዝም ካልሽ የሚያዘው ዋስሽ ነው። ለዳኛውና ለጸሐፊው ራስሽ ደውለሽ ሳምንታዊው 300 ቀርቶ በወር 150 እንዲሆን ጠይቂ። እቁቡ በኮሮና መሰብሰብ ካቆመ ሌሎቹም የተቸገሩ ስለሚሆኑ ጥያቄሽ እንግዳ አይሆንባቸውም፤ ዝምታሽ ግን ያስቀይማል። ባለሱቁን ደግሞ አሮጌውን ገጽ አዘጊው፦ 1,100ው እዚያው ይቁም፣ በወር 70 ይቀነስለት፣ አዲስ ዱቤ አይጻፍ። በዱቤ የምትገዢው ዘይትና ስኳር ዋጋው በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጠው አንድ መሆኑንም አስተያዪ፤ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በወረዳሽ ሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር የሚመጣበትን ቀን እወቂ።

እድሩን አታቋርጪ። 30 ብር ለማትረፍ ወጥቶ በኋላ መመለስ ከመግቢያና ከቅጣት ጋር ብዙ እጥፍ ያስከፍላል፤ ባልሽ ሩቅ ሆኖ አንድ ነገር ቢደርስ ቤትሽ የሚቆመውም እድርተኛው ነው።

ባለቤትሽ ከ600ው ላይ 200 ይልቀቅ ብዬ እጠይቃለሁ። ካምፕ ውስጥ ቀለቡ ከክፍሉ ስለሆነ 400ው ለሳሙና፣ ለስልክ ካርድና ለቡና ይበቃዋል፤ ከባድ መሆኑ አይጠፋኝም፣ ግን እስኪቃለል ነው። እንግዲህ ለዕዳ 800 ብር አለሽ፦ 380 ለማኅበሩ ወይም ለአበዳሪው፣ 200 ለኪራይ ውዝፍ፣ 150 ለእቁብ፣ 70 ለሱቅ። የኪራዩ ቀሪ 2,000 በአሥር ወር ያልቃል፤ ያን ጊዜ 200ውን ወደ እቁቡ አዙሪው፤ እቁቡም ከዚያ በአምስተኛው ወር ይዘጋል። ሱቁም በዚያው ሰሞን ያልቃል።

በዚህ ስሌት ላይ የምጠራጠረው አንድ ቁጥር አለ፤ የእንጀራው 1,000 ብር። ትርፍ ነው ወይስ ሽያጭ? አንድ ጋገራ ላይ ለክተሽ እዪው። የገባውን ዱቄት መዝኚ፣ ከመጋገርሽ በፊትና በኋላ የካርድ ቆጣሪው ላይ የቀረውን ጻፊ፣ የወጣውን እንጀራ ቁጠሪ፣ ለቤት የተበላውንም ለይተሽ ቁጠሪ። ብዙ ጋጋሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቤተሰቡ ከሚሸጠው እየበላ የጤፉ ወጪ ግን በሙሉ ለንግዱ ይጻፋል፤ ወይም በተቃራኒው መብራቱ ለቤት ተቆጥሮ ንግዱ ያተረፈ ይመስላል። ለቤት የሚሆነውን ሁለት እጅ ጤፍ አንድ እጅ ማሽላ አድርገሽ ለብቻው አቡኪ፤ የሚሸጠው እንዳለ ይሁን። ለሱቆቹ በዱቤ የምታስረክቢ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ቀን ጋገራ በላይ እንዳይቆይብሽ፦ የትናንቱ ካልተከፈለ የዛሬው አይሰጥ።

ባለቤትሽ ለቆ ይምጣ ወይ ላልሽው፦ አሁን አይደለም። ያለ ፈቃድ ከመጣ መኮብለል ነው፤ በወንጀል ያስጠይቃል፣ ደመወዙም ይቆማል። በሕጋዊ መንገድ መሰናበት ቢችል እንኳ የቀን ሥራ በጠፋበት በዚህ ጊዜ 3,600 ብር የሚተካ ሥራ የካ አባዶ አካባቢ የሚያገኝበት ዕድል ጠባብ ነው። በተጨማሪም ከደመወዙ 7 በመቶ፣ ከመንግሥት በኩል ደግሞ ለወታደር 25 በመቶ በየወሩ ለጡረታው ይገባል፤ የአገልግሎት ዘመኑ ሳይሞላ መውጣት ይህንን ማጣት ሊሆን ይችላል። ናፍቆትሽን አቅልዬ አላየውም፤ ለብቻ ሁለት ልጅ በዚህ ወቅት ማሳደግ ከባድ ነው። ነገር ግን የቤቱ ምሰሶ አሁን እዚያ ነው ያለው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውል ሦስት ነገር አስጨርሽው። አንደኛው ውክልና ነው። ካርዱ አንቺ ጋ መሆኑ በባንኩ ዘንድ መብት አይሰጥሽም፤ ካርዱ ጊዜው ቢያልፍ ወይም ማሽኑ ቢውጠው ያን ወር ቤትሽ ይራባል። ያለበት ክልል የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሰነድ ያረጋግጣል፤ እዚያ ይፈርምና ዋናውን ይላክልሽ። «በጠቅላላው ወክያለሁ» የሚል ብቻ ከሆነ ባንክ ይመልስሻል። የባንኩ ስምና የሂሳብ ቁጥር፣ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ፣ የሂሳብ መግለጫ መጠየቅ፣ ከኪራይና ከዕዳ ጋር በተያያዘ መዋዋልና ደረሰኝ መቀበል ተዘርዝሮ ይጻፍ። በስሙ መበደርንና ንብረት መሸጥን ግን አታስጨምሪ፤ አያስፈልግሽም፣ የሌላ ሰው ግፊት ሲመጣብሽም «ሥልጣኑ የለኝም» ማለት ይጠቅምሻል።

ሁለተኛው የደመወዝ ዝርዝሩ ነው። ከፋይናንስ ቅጂ ይጠይቅ። ለጡረታ፣ ለማኅበር ቁጠባ፣ ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ የሚቆረጥ ካለ ይታያል። የቦንዱ የምስክር ወረቀት ገንዘብ ነው፤ ካለ ከቤት ሰነዶች ጋር ይቀመጥ።

ሦስተኛው የግል ማኅደሩ ነው። የጋብቻችሁና የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት በማኅደሩ ውስጥ ገብቷል? ካልገባ ወይም ጋብቻው በሽማግሌ ብቻ ተፈጽሞ ካልተመዘገበ ወረዳው የወሳኝ ኩነት ክፍል ሄደሽ የሚጠይቁትን አሟዪ። በ2012 በሥራ ላይ በነበረው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 ለተተኪዎች (ሟች ለተዋቸው የቤተሰብ አባላት) የሚከፈለው ለሚስት የጡረታው 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ነበር፤ ይህን ለማግኘት ግን ሚስትነትና ልጅነት በሰነድ መረጋገጥ አለበት። አንድ ነገር ከደረሰ በኋላ ይህን በፍርድ ቤት ማስረዳት ወራት ይፈጃል፤ አሁን ግን የሚጠይቀው ፎርም መሙላትና ኮፒ መላክ ነው። ዋናዎቹን ሰነዶች አንቺ ጋ አስቀሪ፤ ወደ ክፍሉ የሚሄደው ማኅተም ያረፈበት ኮፒ ይሁን።